ግማሽ ጡረታ፣ ረጅም መንገድ እና «አንተስ?» የሚለው ጥያቄ

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ከሳምንታት በፊት በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ዘመን ወዳጄ ደወለልኝ። ከእኔ በጥቂት ዓመታት ይበልጣል፤ ዘንድሮ 53 ዓመት ሞልቶታል። ከሰላምታና ከቤተሰብ ጥየቃ በኋላ «ሥራዬን ልተው ነው» አለኝ። ደንገጥ ብዬ «ምነው፣ ቀነሱህ እንዴ?» ስለው ሳቀ። «የለም፣ ጡረታ ልወጣ ነው። ሙሉ ጡረታ ግን አይደለም። መሥሪያ ቤቴ በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ፣ ያውም ካለሁበት ሆኜ እንድሠራለት ተስማምቷል። ሦስት ወር ደሴ ከእናቴ ጋር እቀመጣለሁ፤ ሦስት ወር ፖርቱጋል፤ የቀረውን ደግሞ እግሬ ወዳመራኝ። ላፕቶፕና አንድ ሻንጣ ይበቃኛል» ካለ በኋላ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ «አንተስ፣ ዶክተር? መቼ ነው የምታርፈው?»

በቀልድ አለፍኩት። ጥያቄው ግን አላለፈኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሁለት ጓደኛሞች ወግ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ከላይ እስከ ታች የፖለቲካ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሳያረጅ ከሙሉ ሥራ ወጥቶ፣ በጥቂት ሰዓት የርቀት ሥራ ራሱን እየደጎመ፣ ዓለምን እያየ መኖር መቻሉ የግል ትጋቱና የቁጠባው ውጤት ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ እንሰማለን። እውነቱ ይህ ከሆነ ትጉህና ቆጣቢ የሆነ ሁሉ፣ የትም ይወለድ የት፣ ይህን ሕይወት መኖር በቻለ ነበር። ለመሆኑ ይችላል?

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የጡረታ ዕድሜ በመንግሥት ሕግ መወሰን የጀመረው በቅርብ ነው። ጀርመን በቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣችው የእርጅና መድን ሕግ ክፍያው የሚጀምርበትን ዕድሜ 70 ዓመት አድርጎት ነበር፤ ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። በዚያ ዘመን 70 ዓመት የሚደርስ ሠራተኛ ጥቂት ስለነበረ፣ ጡረታ ማለት ከሥራ በኋላ የሚኖር ሌላ ሕይወት ሳይሆን ከመቃብር በፊት ያለች አጭር ማረፊያ ነበረች።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1930 በጻፈው ዝነኛ ድርሰቱ፣ ከ100 ዓመት በኋላ ሰዎች በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ መሥራት ይበቃቸው ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። የወዳጄ አዲሱ የሥራ ውል ከኬንስ ግምት ጋር በሰዓት ቁጥር መግጠሙ አስገርሞኛል። ልዩነቱ ኬንስ የተናገረው ስለ ማኅበረሰብ ሲሆን፣ የተፈጸመው ግን ለጥቂት ግለሰቦች መሆኑ ነው።

በአሜሪካ ቪኪ ሮቢንና ጆ ዶሚንጌዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ገንዘብ ማለት የተሸጠ የሕይወት ጊዜ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለብዙ አንባቢ አደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዊልያም ቤንገን የተባለ የፋይናንስ አማካሪ የቀድሞ የገበያ መረጃዎችን መርምሮ አንድ ስሌት አቀረበ። ጡረተኛው ከጥሪቱ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ ቢያወጣ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይህንኑ መጠን ከዋጋ ንረት ጋር እያስተካከለ ቢቀጥል፣ ገንዘቡ ቢያንስ ለ30 ዓመት ይዘልቃል የሚል ነው። በወጣትነት ቆጥቦ ቀድሞ ጡረታ የመውጣት እንቅስቃሴ በዚህ ስሌት ላይ ተገነባ። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው ወረርሽኝ ደግሞ የቢሮ ሥራ ያለ ቢሮ ሊሠራ እንደሚችል ዓለምን አሳመነ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ግማሽ ጡረታ፣ ግማሽ ሥራ፣ ሙሉ መንገድ የሚባለው አኗኗር ተወለደ።

የሚዛኑ ስሌት

አንባቢ «ሰውየው ጥሪት ካለው ለምን ይሠራል? ከሠራስ ለምን ጡረታ ይለዋል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ በሂሳብ ይገለጻል። በዓመት 40,000 ዶላር የሚያስፈልገው ሰው በ4 በመቶው ስሌት 1 ሚሊዮን ዶላር ሊኖረው ይገባል። በከፊል ሰዓት ሥራ በዓመት 20,000 ዶላር ቢያገኝ ግን ግማሽ ሚሊዮን ይበቃዋል። ከዚህም በላይ፣ የ4 በመቶው ስሌት የተሠራው ለ30 ዓመት ነው፤ በ50 ዓመቱ የወጣ ሰው ግን 40 ዓመት ሊኖር ይችላል። ትልቁ አደጋ ጡረታው በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ገበያው ቢወድቅ ነው። ያን ጊዜ አክሲዮኑን በርካሽ እየሸጠ ለመብላት ይገደዳል፤ ገበያው ሲያገግም የሚያገግም ነገር አይተርፈውም። ትንሿ ደመወዝ በዚያ ክፉ ዘመን ገንዘቡን ሳይነካ ያሻግረዋል። ስለዚህ የከፊል ሰዓት ሥራ ለተጓዡ እንደ መልሕቅ ነው። መርከቧን ያቆማል፤ ግን አያሰምጣትም።

መልሕቅ ግን ክብደት አለው። ወዳጄ ደሴ ሲቀመጥ የሜሪላንዱ ጠዋት 3 ሰዓት ለእርሱ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ይህ እንኳ መልካም ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ከእናቱ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ገበያ ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይገባል። ወደ ሩቅ ምሥራቅ ቢሄድ ግን ስብሰባው እኩለ ሌሊት ላይ ይሆናል። በየሳምንቱ ከተማ የሚቀይር ሰው ሥራውንም ጉዞውንም ያበላሻል። አንዱ ቦታ ሁለትና ሦስት ወር መቀመጥ የሚመከረው፣ የቤት ኪራዩ ስለሚረክስ ብቻ ሳይሆን፣ ኔትወርኩ የት እንደሚሠራና ጸጥታ የት እንደሚገኝ ለማወቅ ራሱ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ ነው። ሌላው ወጥመድ ሥራው ቀስ እያለ መስፋቱ ነው። 15 ሰዓት የተባለው 25 ይሆናል፤ «ለዛሬ ብቻ» የተባለው ልማድ ይሆናል። በውል ያልተገደበ ከፊል ሥራ በከፊል ደመወዝ የሚሠራ ሙሉ ሥራ ነው። ወዳጄ ይህን ስለሚያውቅ የሥራ ቀኖቹ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብቻ እንዲሆኑ በጽሑፍ አስፈርሟል። ብልህ ነው።

ቁጥሮቹ የማን ናቸው?

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ የግል ጥበብ ነው። አሁን ግን ወዳጄ ሊሸመድዳቸው የሚገባውን ቁጥሮች ልዘርዝር። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ለጡረታ ያስቀመጠውን ገንዘብ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ቢነካ ከመደበኛው ግብር በላይ የ10 በመቶ ቅጣት አለበት። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታውን ከ62 ዓመቱ ጀምሮ መውሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ሙሉ ክፍያው የሚደርሰው በ67 ስለሆነ ቀድሞ ቢወስድ 30 በመቶ ይቀነስበታል። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የሚጀምረው በ65 ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ደግሞ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም። እስከዚያ ድረስ መድኑን በራሱ ኪስ ይገዛል። በአውሮፓ የሼንገን ሀገራት በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ያለ ቪዛ መቆየት የሚችለው 90 ቀን ነው። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ሀገራችን የተቀመጠ ሰው ነዋሪ ግብር ከፋይ ይሆናል። አሜሪካ ደግሞ ዜጋዋ የትም ይኑር የት ከገቢው ግብር ትጠይቃለች።

በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ላፕቶፕ ከፍቶ መሥራት በብዙ ሀገራት ሕግ አጠራጣሪ ወይም ክልክል ነው። ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ባርቤዶስና ኤስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለርቀት ሠራተኞች ልዩ ቪዛ አወጡ። በዚያው ዓመት ሞሪሸስ ተከተለች። በ2022 ፖርቱጋልና ናሚቢያ ተጨመሩ። ፖርቱጋል አመልካቹ የሀገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ እንዲያገኝ ትጠይቃለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። 59 ተኩል፣ 62፣ 65፣ 67፣ 90፣ 183፤ እነዚህ ሁሉ የወዳጄ ቁጥሮች አይደሉም። የመንግሥታት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ በምክር ቤት ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ሌላው በስምምነት ተፈርሞ፣ ሌላው በድርድር ተገኝቶ የተጻፈ ሕግ ነው። የወዳጄ ነፃነት እነዚህን ቁጥሮች አውቆ በመካከላቸው መሹለክ ነው። ቁጥሮቹ ግን ይታወቃሉ፤ ነገ ጠዋት በድንገት አይለወጡም። ይህ አኗኗር የቆመባቸው ምሰሶዎች ሦስት ናቸው እላለሁ። ዋጋውን የሚጠብቅ ገንዘብ፣ ድንበር የሚያሻግር ፓስፖርት፣ የማይቋረጥ መስመር። ሦስቱንም ግለሰብ በቁጠባ ሊገነባቸው አይችልም።

የደሴው ጉዞ

ሦስተኛው ምሰሶ ምን እንደሆነ ወዳጄ አስቀድሞ ቀምሶታል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ለጥምቀት መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ገና ሙሉ ሠራተኛ ቢሆንም፣ ለሁለት ወር ከርቀት እንዲሠራ ፈቃድ አግኝቷል። ዓላማው ይህን አኗኗር መሞከር ነበር። እናቱ ከ30 ዓመት በላይ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ብቻቸውን ይኖራሉ።

እንደምናስታውሰው በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ወዳጄ ይህን ሰምቶ ቢመጣም «ሆቴል ውስጥ መስመር ይኖራል» ብሎ ተስፋ አድርጓል። ነበረም፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። በሦስተኛው ቀን አንድ አስፈላጊ ስብሰባ ላይ ሳይገኝ ቀረ። በአራተኛው ቀን ሻንጣውን አንሥቶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰና ቀሪውን ጊዜ በእንግዳ ማረፊያ ተቀምጦ ሠራ። እናቱ በር ላይ ሲሸኙት «ልጄ፣ ይሄ ሥራህ ከኔ ጋር አይቀመጥም ማለት ነው?» አሉት። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቀይሮ ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ዕድለ ቢስነት አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ጠፍቷል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የትግራይ ሕዝብ ለሁለት ዓመት ያህል ከስልክም ከባንክም ከኢንተርኔትም ተቆርጦ ኖሯል። ከዚህ መከራ አንጻር የወዳጄ ስብሰባ ማጣት ምንም ነው፤ ላወዳድረው አልደፍርም። ነገር ግን መስመር መቁረጥ እንደ ቀላል አስተዳደራዊ እርምጃ በሚቆጠርበት ሀገር ከርቀት የሚሠራ ሥራ የተረጋጋ ኑሮ ሊሆን አይችልም። የተጎዱት እናቲቱ ናቸው፤ ልጁማ ሌላ ሀገር አለው።

እኔስ?

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። አንድ የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራተኛ የመጦሪያ ዕድሜው 60 ዓመት ነው። 25 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ ግን ከ55 ዓመቱ ጀምሮ አበል ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ ጡረታ መውጣት በእኛም ሕግ ውስጥ አለ! ስሌቱን እንየው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 25 ዓመት ላገለገለ ሰው 30 ሲደመር 18.75፣ ማለትም 48.75 በመቶ ይሆናል። የደመወዝ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያውም ሙሉ ደመወዙ ወር የማያደርስ ሰው ግማሽ!

ይሁን እንበል። የሰው ልጅ በጥቂቱም ይኖራል። ችግሩ ያ 48.75 በመቶ ቆሞ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሀገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር፣ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያ እርምጃ አስፈላጊ ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሣውም። የምለው አንድ ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በብር የቆጠበ መምህር በዚያ ክረምት ከጥሪቱ የዓለም ዋጋ ግማሽ የሚጠጋውን አጣ። ስንፍና አልሠራም፤ አላባከነም፤ ተኝቶ ተነሣ እንጂ። በአንጻሩ በዶላር የሚከፈለው ወዳጄ በዚያው ሌሊት ደሴ ላይ ሀብታም ሆነ። እርሱም አልሠራበትም። ትጋት ይህን ልዩነት አያብራራም።

የጡረታ ፈንዱም ቢሆን ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው ከዋጋ ንረት በታች በሆነ ወለድ በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ተቀምጦ ቆይቷል። በሌላ አነጋገር፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እያዋጡ የመንግሥትን የበጀት ጉድለት በርካሽ ሲሸፍኑ ኖረዋል። «አክሲዮን ለምን አልገዛህም?» የሚለኝ ካለ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተዘጋው የአክሲዮን ግብይት በሕጋዊ ገበያ መልክ የተመለሰው በጥር 2017 ዓ.ም. መሆኑን ላስታውሰው። የቤንገንን ስሌት የሚሞክር ኢትዮጵያዊ 4 በመቶውን ከየትኛው ገበያ ያወጣ ነበር?

ፓስፖርቱስ? የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ቪዛ አመልካቾች ላይ ገደብ ጣለ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ የማመልከቻው ምርመራም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም ወሰነ። የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በበቂ አልተባበረም የሚል ነበር። ሁለት መንግሥታት ተጣሉ፤ የቪዛ ወረፋው ግን የመምህሩ፣ የነጋዴውና የታማሚው ሆነ። ባልንጀራዬ ለአንድ ጉባኤ ጽሑፍ ተቀባይነት አግኝቶ ቪዛው ሳይደርስለት በቪዲዮ አቅርቧል። ሦስት ወር ፖርቱጋል ተቀምጦ ከርቀት መሥራት ለእርሱ ምን ማለት ነው?

«ቅንጦት ነው» ለሚሉ

አንዳንድ አንባቢ «ሀገር በጦርነትና በረሃብ እየተናጠ አንተ ስለ ጡረተኛ ሽርሽር ትጽፋለህ?» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው፣ በዕድሜ ማምሻ መንገድ መውጣት የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። ኢየሩሳሌም ለመሳለም ንብረታቸውን ሸጠው የወጡ አያቶች ነበሩን፤ ዴር ሱልጣን ያለው ገዳማችን ለዚህ ምስክር ነው። ሐጅ ለማድረግ ዕድሜ ልካቸውን ሳንቲም ሲያጠራቅሙ የኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችንም እንዲሁ። ልጆቹን ድሮ፣ ሀብቱን አከፋፍሎ፣ ከቤቱ ወጥቶ ገዳም የሚገባው አዛውንት ከሥራ ቀድሞ የተሰናበተ ሰው አልነበረምን? የቀድሞው ሰው የመጨረሻ ዘመኑ የራሱና የፈጣሪው እንደሆነ ያምን ነበር። እኛ ነን ጡረታን ወንበር ይዞ ሞትን መጠበቅ ያደረግነው።

ሁለተኛው፣ አንድ መንግሥት የሚለካው ለ30 ዓመት ያገለገለው ሰው በቀረው ዕድሜው ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው በማየትም ጭምር ነው። ተራ ዜጋ የነገውን ማስላት ሲችል ሀገሩ የተረጋጋ ነው እንላለን። ማስላት ሲያቅተው ወይ ይሰደዳል፣ ወይ በሹመት ይጠጋል፣ ወይ ይሰርቃል። ከሙስናችን ውስጥ ምን ያህሉ የእርጅና ፍርሃት እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ለወዳጄም የምለው አለኝ። ይህ አኗኗር ንጹሕ አይደለም። በሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. 2025 የሜክሲኮ ሲቲ ነዋሪዎች በዶላር የሚከፈላቸው እንግዶች ኪራያችንን አናሩት ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ በሊዝበንም ተመሳሳይ ቁጣ አለ። ወዳጄ አዲስ አበባም ሆነ ደሴ ቤት ሲከራይ፣ ከእርሱ ጋር የሚጫረተው በብር የሚከፈለው የአካባቢው መምህር መሆኑን አይርሳ። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ይፈቅድለታል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድለትም። ከእኛ ጋር ይኖራል፤ በእኛ ዕጣ ላይ ድምፅ የለውም። «አገርህ የት ነው? ቢሉት፣ ገና አላገባሁም አለ» የሚለው ተረታችን ለእንዲህ ያለው ሰው የተነገረ ይመስላል። ሦስት ሀገር ሦስት ሦስት ወር የሚኖር ሰው በአንዱም ጎረቤት ሳይሆን ሊያረጅ ይችላል። በየትኛው ዕድር ይመዘገባል? ማን ይቀብረዋል? ሚዛን ሲባል የሥራና የጉዞ ብቻ አይደለም፤ የመሄድና የመክረምም ነው።

ምን ይደረግ?

ከትችት ባሻገር ሐሳብ ማቅረብ ስለሚገባ በአጭሩ ላስቀምጥ።

1ኛ፤ የጡረታ አበል በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር በሕግ ይያያዝ። አሁን እንዳለው በመንግሥት በጎ ፈቃድ በየጊዜው የሚደረግ ጭማሪ ችሮታ እንጂ መብት አይደለም።

2ኛ፤ ሕጋችን ጡረታን እንደ በር ዘግቶ መክፈት ብቻ አይየው። በ55 ዓመቱ ግማሽ ሥራ፣ ግማሽ አበል የሚፈልግ መምህር፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይፈቀድለት። ወጣቱ ቦታ ያገኛል፤ ልምዱም አይባክንም። የማስተርስ ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ ከላሊበላም ሆኖ ማረም ይቻላል።

3ኛ፤ የጡረታ መብት ድንበር እንዲሻገር ስምምነቶች ይፈረሙ። አሜሪካ ከ30 ሀገራት ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላት፤ አንድም የአፍሪካ ሀገር በውስጡ የለም። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ስምንት ዓመት ግብር ከፍሎ ወደ ሀገሩ የተመለሰ ሰው፣ 10 ዓመት ባለመሙላቱ ከከፈለው የሚያገኘው የጡረታ አበል የለም። በገልፍ ሀገራት ጉልበታቸውን የሚያፈሱ እህቶቻችንማ ያለ ምንም የጡረታ ዋስትና ነው የሚመለሱት። ስለ ግማሽ ጡረታ ስናወራ እነርሱን የማያካትት ወግ በእርግጥም ቅንጦት ይሆናል።

4ኛ፤ ኢንተርኔት በአስፈጻሚው ቃል ብቻ የማይቋረጥበት ሕግ፣ ከተቋረጠም በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ሥርዓት ይኑር።

5ኛ፤ ሩቁን አውሮፓ ትተን ጎረቤቶቻችንን እንይ። በአፍሪካ የሰዎች ነፃ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል የጸደቀው በዚሁ በአዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ነው። በሥራ ላይ ለመዋል የ15 ሀገራት ማጽደቂያ ያስፈልገዋል፤ ያጸደቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የኅብረቱ መቀመጫ ነን ብለን የምንኮራውን ያህል በዚህም ቀዳሚ ብንሆን ምን ይለናል?

መልሴ

ወዳጄ ሆይ፣ «አንተስ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። መልሴ ይህ ነው። እኔ የማርፍበትን ዓመት አላውቀውም። የማላውቀው ግን ቆጥቤ ስላልቆጠብኩ ወይም አቅጄ ስላላቀድኩ አይደለም። ዕቅዴ የቆመባቸው ሦስቱ ምሰሶዎች ሁሉ በሌሎች እጅ ስላሉ ነው። አንተ ከዚህ ሀገር ስትወጣ ከእኔ የበለጠ ትጉህ አልነበርክም፤ በፈተናም እበልጥህ ነበር፣ አትክድም። አንተ ያገኘኸው የሚሰላ ነገን ነው። እርሱን ሌሎች ታግለው፣ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው ሠርተውልሃል። እኛም እንደዚያው ካልሠራነው ከሰማይ አይወርድልንም።

ስለዚህ በሳምንት ከ15 ሰዓት ከተረፈህ ጊዜ ጥቂቷን ለዚህ ብታውላት ደስ ይለኛል። ስትመጣ እኔ ደሴ ድረስ እሸኝሃለሁ። እናትህን ባለፈው ወር በስልክ አግኝቻቸው ነበር። «ዘንድሮስ ሥራውን ይዞት ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው አልቸገረኝም፤ «ይቀመጣል» አልኳቸው። እውነት እንዲሆን ግን የአንተ ፈቃድ ብቻ እንደማይበቃ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቸር ይግጠመን።